ከበር እስከ በር

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ከትኬት መስኮቴ ጀርባ ተቀምጬ ነው። አንተ ከወንድሜ ጋር ሰማይ ላይ ነህ፤ ስልክ አያገኝህም። እየቸኮልኩ ስለሆነ በጽሑፌ አትታዘበኝ።

በሰባት ዓመት ሥራዬ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ስንት ይፈጃል ብሎ ያልጠየቀኝ መንገደኛ የለም። "ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር፣ አርባ አምስት ደቂቃ" እላለሁ፣ ቀና እንኳን ሳልል። ትናንት ነርሷ የኦክስጅን ሲሊንደርህን እያሳየች "ይቺ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ትበቃለች፤ በረራው ስንት ደቂቃ ነው?" ስትለኝም አፌ እንደለመደው መለሰ።

"እንግዲያው ትተርፋለች" አለች። እኔም ደስ አለኝ።

አባዬ፣ አርባ አምስቱ እኮ ጎማው መሬት ከለቀቀ እስኪነካ ያለው ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ የሚቆመውን፣ አውሮፕላኑ አርፎ ደረጃ እስኪቀርብለት የሚጠበቀውን እኛ ትኬት ቆራጮች አንቆጥረውም። ሲሊንደርህ የተከፈተው ደግሞ ከአምቡላንስ ስትወርድ፣ ለአራት አስር ጉዳይ ላይ ነው። አራት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። በምታርፉበት ከተማ ጭጋግ አለ ተባለና አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት ቆመ። ያኔ ነው ደምሬ የደነገጥኩት። ወደ አለቃዬ ስሮጥ አውሮፕላኑ ተነስቷል። አምቡላንስ እንዲጠብቃችሁ በሬዲዮ አስነገረልኝ፤ ከዚያ በላይ የሚያደርገው አልነበረም።

ጠዋት ስሰናበትህ "አይዞህ፣ ዐይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ትደርሳለህ" አልኩህ። ፈገግ አልክ። ትዝ ይልሃል፣ በልጅነቴ "ደረስኩ" እያልኩ ገና ጫማዬን ሳስር "የዚች ልጅ ደቂቃ እርሾ ገብቶበታል፤ ሲቆይ ኩፍ ይላል" ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

አሁን አምስት ሰዓት ከአምስት ነው። ሲሊንደሩ አለቀ። አንተ ገና አልወረድክም።

አንዲት እናት መስኮቴን አንኳኩተው "ልጄ፣ ስንት ይፈጃል?" አሉኝ። "ትንሽ ይጠብቁኝ" ብዬ ወደዚህ ወረቀት አቀረቀርኩ። አባዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

አምስት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ድረስ ማንሳት አቃተኝ።

"ደርሰናል፤ አምቡላንስ ውስጥ ነን" አለኝ ወንድሜ።

"ኦክስጅኑስ?"

"ሁለተኛዋን ጀምረናታል።"

"የምን ሁለተኛ?"

"ጠዋት አባዬ ነርሷን ሌላ ጨምሪልኝ ብሏት ነበር። 'ልጄ አርባ አምስት ካለች ሁለት ሰዓት ነው' አላት። እንዳትነግሯት፣ ታዝንብኛለች ብሎ ነው ዝም ያልንሽ።"

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቀና ስል እናትየዋ እዚያው ቆመዋል። "ከበር እስከ በር ሁለት ሰዓት ይያዙ፣ እማማ" አልኳቸው። ከእንግዲህ ለማንም የምለው ይህንኑ ነው።

ነገ በመጀመሪያው በረራ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ ብለህ ግን አትጠይቀኝ፤ አንተው አስላው።

ደቂቃዋ ኩፍ የሚልባት ልጅህ