ቆቅ የመሰከረችልህ ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ለማዕረግ ምትኩ፤

እንደምን ከርመሃል? የተሰበረው ክንድህ ገጠመ? አብሮህ የወደቀው አሰልጣኝህስ ከሆስፒታል ወጣ? እማዬ «ልጄ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል ወይ ብለሽ ጠይቂው» ስላለችኝ እሱንም ጠይቄሃለሁ። እኛ ካንተ ናፍቆትና ከጠዋቱ ብርድ በቀር ምንም አልሆንን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ አላነሳ ብትለን ነው። አልፈርድብህም። የመለማመጃው አውሮፕላን ሞተሩ ወፍ ገብታበት እንደወደቃችሁ በነገርከን ቀን፣ አባባ «አገር ጦርነት ላይ እያለች አውሮፕላን ሰብሮ በወፍ ያሳብባል!» ብሎ ጆሮህ ላይ ዘጋው። እሱ እጃጂ ማሽላ ሲጠብቅ ነው ያደገው። ወፍ ሰው አይታ ትሸሻለች እንጂ ሰው ላይ አትመጣም እያለ እንደ ዳዊት ሲደግመው ሁለት ወር ሞላው። ጎረቤት ስላንተ ሲጠይቀው እንኳ ወሬ ይለውጥ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የአባባ የድሮ ባልደረባ አርፈው ለለቅሶ ወደ እጃጂ ሄድን። የተሳፈርነው በኦቦ ፍሮምሳ ሚኒባስ ነው፤ አባባ እንደ ልማዱ ጋቢና። ጌዶን እንዳለፍን ከመንገዱ ዳር ካለው ቁጥቋጦ አንዲት ቆቅ ብድግ አለችና ከፊት መስታወቱ ጋር ተላተመች። መስታወቱ እንዳለ ተሰነጣጠቀ፤ የአባባ ጋቢ ስብርባሪ ብቻ ሆነ። ኦቦ ፍሮምሳ «ገለታ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፈናል» እያሉ ዳር ይዘው አቆሙ። ማንም አልተጎዳም።

አባባ ወርዶ ቆቋን ከአስፋልቱ አነሳና በመዳፉ መዘናት። በስንት ይነዱ እንደነበር ቢጠይቃቸው «ስልሳም አይሞላ፣ ኦቦ ምትኩ» አሉት። ወደ እኔ ዞሮ «የማዕረግስ?» አለኝ። አንተ እንደነገርከኝ ከሦስት መቶ በላይ ነበር አልኩት። እጃጂ እንደደረስን ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ማንም ሳይጠይቀው «የልጄን አውሮፕላን የጣለው ወፍ ነው። ዋሸ ብዬ የበደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፤ እኔ ለሟቹ ያመጣሁትን እንባ ላንተ አፈሰስኩት።

ይቅርታ ከአፉ ቶሎ እንደማይወጣ ታውቃለህ። እንደተመለስን ቃጫ ግዢልኝ አለኝና በረንዳው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ወንጭፍ ሲገምድ ዋለ። «ለአውሮፕላን ማረፊያው ወፍ ጠባቂ ይስጥልኝ፤ ከሌላቸውም ሰው ይቅጠሩ» ብሏል። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሱ ግን የምሩን ነው። ከደብዳቤው ጋር የሚደርስህ ጥቅል ያ ወንጭፍ ነው።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። ታናሻችን ተድላ የአብራሪ መነጽር አምጣልኝ ይልሃል፤ ይኼ ልጅ መቼም አያፍርም። ጎረቤታችን እትዬ አየለች ስለትህን አስገብቼልሃለሁ ብለዋል። አባባ ሰላም በዪው አላለኝም። ይህን ስጽፍልህ ግን መጥቶ አጠገቤ ቆመና «ሲደውል እኔ ነኝ የማነሳው፤ ቀድሜ የምናገረውም እኔ ነኝ» አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ስልኬ እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

እህትህ ማኅሌት ምትኩ
አምቦ፣ ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.