ያበራው ብረቱ ነው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ለወጉ ያህል ነው። አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

እማዬን ስትሮክ መትቷት ግራ እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ አዲሱን ሕክምና ትሞክር ያልከው አንተ ነህ። የሞቱትን የአንጎል ነርቮች ይተካሉ የተባሉትን ስቴም ሴሎች፣ ማሽን እንዲያያቸው በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ አጉርሰህ ጭንቅላቷ ውስጥ አስገባህ። የት እንደደረሱ በማግኔት ማሽኑ የምከታተለው እኔ ታናሽህ ነበርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ታስታውሳለህ? ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ነጥብ ከተወጋችበት ቦታ ተነስቶ ወደ ጉዳቱ ሲጠጋ ስናይ ተቃቅፈን አለቀስን። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙረህ፣ «እማ፣ እያቸው፤ ላንቺ እየሠሩ ነው» አልካት።

ከዚያ ወዲያ እጇን እንድታፍታታበት የታዘዘላትን እንቅስቃሴ ተወች። የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስት ብትለምናት ብትቆጣት፣ እነሱ እየሠሩልኝ እኔን ምን አደከመኝ እያለች ትስቅባት ነበር። ጣቶቿ እየተኮማተሩ ሄዱ።

ማሽኑ የሚያየው ብረቱን እንጂ ሴሉን አይደለም። ይህን ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። ያንኑ ሕክምና የወሰዱትን የቤተ ሙከራችንን አይጦች አንጎል በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ስቴም ሴሎቹ ሞተው፣ ቆሻሻ የሚጠርጉት የአንጎል ሴሎች ብረታቸውን ውጠውት አገኘሁ። ሲያበራ የነበረው እሱ ነው። የእማዬም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም ስልህ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። ተስፋዋን አትንኪባት አልከኝ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ የእማዬን ምስል ይዘህ የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ወጣህ፤ ተጨበጨበልህ። ያሳሳህ የእሷ ተስፋ ነው ወይስ ጭብጨባው?

ትናንት ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋት። ስለ ሕክምናው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ወንድምሽ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ ላንተ ብዬ ሳይሆን ለእሷ። አልሆነልኝም።

«ነግሬው ነበር» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕክምናው ባይሳካ ማን ይወቅስህ ነበር? ልጄ ሞከረልኝ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ታዳርስልህ ነበር። የነጠቅካት ይህን ነው።

ዛሬ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷን አስጠራች። ጣቶቿ ሲዘረጉ ላብ እስኪያጠምቃት አመማት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ስልክ ልደውልልህ ስላት እምቢ አለች። ያለችውን እንዳለ ልንገርህ፦

«በስልክ አይሆንም። ይምጣና እዚህ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ከዚያ በኋላ ልጄ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ።»

እኔ እንደ እሷ ሆደ ሰፊ አይደለሁም። ስትመጣ በሩን እከፍትልሃለሁ፤ ሰላም ትለኛለች ብለህ ግን አትጠብቅ።

የእናትህ ልጅ