ፈረስ ልጓም አለው፣ መርዶም ቀስ ብሎ ይሄዳል

ይድረስ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም አይገጠም እያለ ለሚመክረው ጉባኤ ክቡር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ከቤት የወጣ ልጅዎ ሁሉ በእግሩ ተመልሶ ይግባልዎ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብዬ የምኖር ገበሬ ነኝና የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ልጄ ትዕዛዙ የሞተው ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ የሰማሁት እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚህ መካከል አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጎረቤቴ ዋጋዬ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ «ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ወሰደችብኝ፤ ለካስ ሰው ደውሎ እንዳያስደነግጠኝ ነው። ወንድሜ አበረ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በፈረስ ሲመጣ፣ ከቀርከሃው አጥር ማዶ ወርደው ፈረሶቻቸውን እየሳቡ በእግራቸው ገቡ። በእኛ አገር መርዶ ይዞ የሚጋልብ የለም። ፈረሱ መጋለብ ይችላል፤ ስለሚችል ብቻ ግን አይጋለብም።

አርባውን ካወጣን በኋላ የጉባኤዎን ክርክር በሬዲዮ ሰማሁ፤ ውሳኔው «ለተጨማሪ ጥናት» ለመጪው ዓመት መተላለፉንም ሰማሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ «ጥሩ ሹፌር መገደቢያ አያስፈልገውም፤ መግጠሙ ሹፌሩን መናቅ ነው» ስለተባለ አመሰግናለሁ። ልጄ ጥሩ ሹፌር ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ክብሩን ስለጠበቃችሁለት እግዜር ይስጥልኝ፤ ከነክብሩ ቀብረነዋል። ነገር ግን በጥር ጊዮርጊስ በዓል በግልቢያው ሜዳ ላይ ሁሉን ቀድሞ የሚገባው ፈረስ ልጓም አለው፤ ባለቤቱን «ፈረስህን ናቅኸው» ያለው ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

፪ኛ/ አሠሪው ለልጄ የሰጠው አዲስ ፒክአፕ የፍጥነት መቁጠሪያው እስከ ሁለት መቶ ሃያ ይቆጥራል። ከዳንግላ እንጅባራ ጋሪና ባጃጅ፣ በግና ተማሪ በሚጋፋበት መንገድ ሁለት መቶ ሃያ የቱ ላይ እንደሚነዳ የሚያሳየኝ የጉባኤው አባል ቢገኝ እጅ እነሣለሁ። በፊት በአሮጌው መኪና ሲወስደኝ «ቀስ በል» እለዋለሁ፤ እሱም «እማዬ፣ ባንቺ አነዳድ እኮ ገበያው ተበትኖ ነው የምንደርሰው» ብሎ ይስቅብኛል። አሮጌው መኪና ግን ከሰማንያ ሲያልፍ ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ እኔ ሳላውቀው መገደቢያ ነበረው። አዲሱ አይንቀጠቀጥም። አዲሱን ይዞ የመጣ ዕለት እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

፫ኛ/ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አንድ አባልዎ «ለመቅደም ጊዜ ፍጥነት ያስፈልጋል» ብለዋል፤ እውነት ነው። ያን ዕለት ልጄ ጋሪ ለመቅደም ወጣ። የትራፊክ ፖሊሱ የጎማውን ምልክት ለክቶ መቶ ሃያ አምስት ይሄድ እንደነበር ነግሮናል፤ ስለዚህ ፍጥነት እንዳልጎደለበት ለአባልዎ ያስታውቁልኝ። የሻረግ የምትባል ሴት ከዳንግላ ገበያ ወደ ቤቷ በመንገዱ ዳር በእግሯ ትመለስ ነበር። መኪናው የተገለበጠው እሷን ከገጨ በኋላ ነው። እናት ነኝና ጥፋቱን በሌላ ሰው ማላከክ ብችል ደስ ባለኝ፤ የነዳው ግን ልጄ ነው። ጥሩ ሹፌር ማለት ይህ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ጥሩ ነው።

ስለ ተጨማሪው ጥናትም አመሰግናለሁ። የሚለካ ነገር ካስፈለጋችሁ በእኛ በኩል ሁለት መቃብር አለ፤ መንገዱን አሳያችኋለሁ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ከእንግዲህ የሚገባ አዲስ መኪና ልጓሙን ይዞ ይግባ፤ ውሳኔውንም ለመጪው ዓመት አያሳድሩት። ሌላ እናት ስልኳ እንዳይወሰድባት ነው።

በእርጋታ የሚመክሩበትን ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ውብአየሁ ይሄነው
የትዕዛዙ እናት፣ ግምጃ ቤት

ማስታወሻ፦ ወደ ስብሰባው ሲሄዱ ከኋላ ተቀምጠው ሹፌርዎን «ቀስ በል» ይሉት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የእርስዎ መኪና መገደቢያ አለው። ለሌላው ሕዝብ እርስዎን በየመኪናው መግጠም ስለማይቻል ነው ይህን ሁሉ መጻፌ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፦ የየሻረግን የክርስትና ስም ለመጠየቅ ወደ ባለቤቷ ወደ ሀብቱ ደጅ ሄጄ ነበር። በሩን ይዘጋብኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር አወጣልኝ። ስሟ ወለተ ሐና ነው። የልጄ ገብረ ሚካኤል ነው። በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ እሷን አስቀድማችሁ።