ደስታችን በደረቀው ቦኖ ላይ ስለተሰቀለበት ጉዳይ

ለተከበራችሁ የከተማችን የነዋሪዎች ደስታ ጥናት ግብረ ኃይል አባላት
ባላችሁበት

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን፣ የቤተሰባችሁንና የደስታ መለኪያችሁን ደህንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን እባካችሁ የትም እንዳትመዘግቧት፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

እኔ ጀብሪል አራጋው እባላለሁ። እዚሁ መካነ ሰላም ተወልጄ አርባ ዓመት የበቅሎ ኮርቻ ስሠራ ኖሬያለሁ። ፊደል የለየሁት አጎቴ ቤት የጭቃ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ፣ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ጭቃ እንዳለ በጣቴ የመዳበስ ልማድ አለኝ። ልማዴ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

እንደምታስታውሱት በጥቅምት ወር ኢልሀም የምትባል ጨዋ ልጅ ታብሌት አስይዛችሁ ከአቀበቱ በላይ ወዳለው ሰፈራችን ላካችሁልን። ልጅቱ በየበሩ እየቆመች «አብዬ፣ በኑሮዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት?» ስትል ጠየቀች። አያቶቻችን ለግብር ከብት ቆጣሪ ሲመጣ ግማሹን መንጋ ወደ ገደል ሥር ይነዱ ነበር፤ እኛ ሞኞቹ ግን ደስታችንን በሙሉ ደጅ ላይ አውጥተን አሳየናት።

በእኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል በመጀመሪያ ያመሰግናል። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን አስቀድሞ ያመሰግንና ከዚያ በኋላ ነው ውሃ አምጡልኝ የሚለው። ጎረቤቴ የሻለም ከምንጩ የቀዳችውን ጀሪካን አዝላ አቀበቱን እንደወጣች፣ ገና ሳታወርደው፣ «ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎድሎን» አለች። ወገቡ የማይታጠፍለት ወዳጄ በእውቀቱም «ይህንንም ያጣ አለ» አለ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልሁ። ሁላችንም ቀጥሎ የምንናገረው ነገር ነበረን፤ ነገር ግን ልጅቱ ምስጋናውን መዝግባ ወደሚቀጥለው ቤት አልፋ ነበር። በእርሷ አልፈርድም፤ ከምስጋናው በታች መጻፊያ ቦታ ያልሰጣችኋት እናንተ ናችሁ።

በኅዳር ወር ውጤቱ ተለጠፈ። ሰፈራችን ከመቶ ዘጠና ስምንት አግኝቶ በደስታ ከከተማው አንደኛ ወጣ። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ ደቃቅ በሆነ ፊደል፣ ወደ እኛ ሊዘረጋ ታቅዶ የነበረው የውሃ መስመር እርካታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች ቅድሚያ ለመስጠት ሲባል ወደ ታች ሰፈር መዛወሩ ተጽፏል። የታች ሰፈር ሰዎች ቧንቧቸው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ በሥራ ከሌላ አገር የመጡ በመሆናቸው፣ ሲጠየቁ የጎደላቸውን ይናገራሉ። ዕድሜ ይስጣቸው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ሰርተፊኬቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ጠብታ ያልታየባት ቦኗችን ባዶዋን እንዳትቀር አስባችሁ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ አድርጋችሁ እርሷው ላይ ሰቀላችሁልን። እኔ እንደ ልማዴ ፍሬሙን አውርጄ ጀርባውን ከፈትሁት። ከሥሩ ለሌላ ሰፈር በጽዳት አንደኛ ለመውጣቱ የተሰጠ ሰርተፊኬት አገኘሁ። ያ ሰፈር ምን ሆኖ እንደተነጠቀ፣ እኛስ መቼ እንደምንነጠቅ ብትገልጹልኝ ደስታዬ መቶ ይሞላ ነበር።

፪ኛ፦ በርክክቡ ዕለት እናንተ የታሸገ ውሃ እየጠጣችሁ ሳለ እኔ ዱአ እንዳደርግ ታዘዝሁ፤ አደረግሁም። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ያንን ፎቶ «ነዋሪዎች ደስታቸውን ሲገልጹ» ብላችሁ በፌስቡክ ገጻችሁ እንዳወጣችሁት በእውቀቱ በልጁ ስልክ አሳየኝ። ፎቶ ድምፅ የለውም እንጂ፣ በዚያች ሰዓት ሳደርገው የነበረው ዱአ፦ ያረቢ ውሃ ስጠን፣ የሚሰጡንንም ሰዎች ስጠን የሚል ነበር።

፫ኛ፦ ከጥያቄዎቻችሁ መካከል «ሰፈርዎን ለቀው መሄድ ይፈልጋሉ?» የሚል አለ። ይህን የጠየቀው ማን ነው? ቦታዬን የፈለገው ሰው ስሙን ቢነግረኝ መልሴን በአካል እሰጠዋለሁ። ለማንኛውም ደስታዬ የት እንዳለ ካላወቃችሁ፣ ደጄ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠን ከበእውቀቱ ጋር ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከወረኢሉ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ከአሱር ሶላት በፊት ይደርሳል አይደርስም በሚል ሃያ ዓመት ተከራክረናል። በገበያ ቀን ከከላላ የሚመጡትን በቅሎዎች እያየሁ የኔን ኮርቻ ከሌላው ሰው ሥራ እለያለሁ። ይህ ሁሉ እናንተ ሳትመጡ የነበረ ነው። ደግሞ ድንጋዩን አሁን ስለጠቀስሁት እንደሚፈርስ ቤት ቀይ ቀለም እንዳትቀቡት፤ በየቀኑ አየዋለሁ።

፬ኛው ቀልድ የለበትም። ባለፈው ሳምንት የሻለም ለራሷና ለበእውቀቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አቀበቱ ላይ አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰበረ። ልጠይቃት ብሄድ፣ በጨርቅ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን ጀብሪል፣ ግራው ነው» አለችኝ። ኢልሀም በዚያች ሰዓት ብትመጣ ኖሮ እጅግ በጣም ደስተኛ ተብላ ትመዘገብ ነበር። አሁን በእውቀቱ በዚያ ወገቡ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ምንጩ ድረስ እንወርዳለን። እስከ ክረምት እንደማንዘልቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሲጠይቁን ግን አንናገርም።

እኛ ኮርቻ ሠሪዎች የኮርቻውን ልክ የምናውቀው በቅሎዋን ጠይቀን አይደለም፤ ኮርቻውን አንስተን ጀርባዋን በማየት ነው። ኮርቻው የላጠው ገጣባ ካለ ያለው ከሥር ነው። እናንተ ግን ከሩቅ ሆናችሁ በቅሎዋ ዝም ማለቷን ቆጠራችሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የውሃ መስመሩ ወደ ነበረበት ዕቅድ ይመለስልን፤ የእኔ፣ የየሻለምና የበእውቀቱ ምስጋናም ከመዝገባችሁ ይውጣልን። ምስጋናውን አንክደውም፤ ነገም እንደግመዋለን። ነገር ግን ለእናንተ የተላከ አልነበረም። የሌላ ሰው ደብዳቤ በስሕተት የደረሰው ጨዋ ሰው ለባለቤቱ ይመልሳል እንጂ ከፍቶ በፍሬም አይሰቅለውም።

ለደስታችን ስትደክሙ ያጠፋችሁትን ጊዜ ፈጣሪ በሌላ ሥራ ይተካላችሁ እያልሁ፣ የታሸገው ውሃ እንዳያልቅባችሁ ከልብ በመመኘት፣

በደስታ አንደኛ ከወጣው ሰፈር፣
ጀብሪል አራጋው፣ ኮርቻ ሠሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ ሁኔታዬን የሚጠይቅ ሰው ብትልኩ አሁንም አልሐምዱሊላህ ነው የምለው፤ ባሕሪዬን ለጥናት ብዬ አልለውጥም። ስለዚህ የምትልኩት ሰው ታብሌቱን ቢሮ ትቶ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይምጣ። ምንጩን አሳየዋለሁ፤ ጀሪካኑን ሞልቶ አቀበቱን ከወጣ በኋላ እንዴት ነህ ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ።