ማንም የማያንኳኳው በር

ጥቅምት 6

ዛሬ የልምምዴ የመጀመሪያ ቀን። የሰጡኝ ክፍል ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አሁንም ላብና ጎማ ይሸታል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ የተነፈሰ ኳስ። ጠረግሁ፣ ወለወልኩ፣ በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።

የዕድሜዬን ግማሽ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ በአርባ ዓመቴ እንደገና ተማሪ ሆኛለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ፣ በትምህርት ቤት ምክርና አመራር። ባሌና ልጄ በአውቶቡስ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቀው… እኔ እዚህ፣ የኪራይ ክፍል ውስጥ። ደግነቱ የመጨረሻው ሴሚስተር ነው። ልምምዱን እጨርሳለሁ፣ ርዕሰ መምህሩ የልምምድ ቅጼ ላይ ይፈርማሉ፣ ወደ ቤት።

ሲቀበሉኝ ደስ ብሏቸው ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ! በይ እነዚህን ልጆች አስተካክይልን።»

አስተካክይልን? እንደ ጠረጴዛ እግር?

ጥቅምት 9

ማንም።

ጥቅምት 13

በዕረፍት ሰዓት ሁለት ሴት ልጆች በሩ ጋ ቆሙ። ልቤ ዘለለ። አንዷ ጽሑፉን አነበበችና «የእብድ ነው እኮ» አለቻት ጓደኛዋን። እየተሳሳቁ ሮጡ።

ወረቀቱን ቀየርኩት። «ማውራት ለሚፈልግ ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ከሥሩ «የጠፋ ኳስም እዚህ ይጠየቃል» ብሎ ጨምሮበታል። ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻ መሳቅ ግን ቶሎ ያልቃል።

ጥቅምት 17

ቤት ደወልኩ። ባሌ ስልኩን ለልጄ ሰጣት።

«ደህና ነሽ የኔ እናት?» «ደህና።» «ትምህርትስ?» «ደህና።» «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» «አባዬ።» «አባዬ? እንዴት አድርጎ?» «እንጃ።» «የቤት ሥራሽን ሠራሽ? በጊዜ ትተኛለሽ? ያን ሹራብሽን…» «እሺ እማዬ። አባዬን ላገናኝሽ?»

«ምን ሆና ነው?» አልኩት።

«ምንም አልሆነችም፣ ካርቱን አቋርጠሽባት ነው።»

በካርቱን ተበለጥኩ እንግዲህ። ሊዘጋ ሲል፣ «ጥር ላይ ትጨርሻለሽ አይደል?» አለ። «ጥር ላይ።» «በቃ፣ ጥር ብለን እየጠበቅን ነው።»

ጥቅምት 23

ዛሬ አንድ ሰው ገባ! ተማሪ ግን አይደለም። የሥነ ሥርዓት መምህሩ ናቸው። ተማሪዎቹ ነጎድጓድ ነው የሚሏቸው፤ እውነትም ድምፃቸው ከሜዳው ማዶ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው።

«መስኮቱ ይዘጋ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አሉ። ከፈቱት፣ ዘጉት። ይዘጋል። ከዚያ ግን አልወጡም፤ ተቀመጡ።

«እዚህ ጸጥ ይላል።»

«ሰው ስለማይመጣ ነው» አልኳቸው።

«እኔስ ጋ ማን ይመጣል? እየተያዘ ነው የሚመጣው።»

ሳቅን። ከዚያ ዝም አሉ። አንድ ነገር ልልም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የተማርነው ትዝ አለኝ… ዝምታውን አትሙሉት፣ የባለጉዳዩ ነውና ተዉለት። ተውኩላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም አሉ። «ቀኑን ሙሉ እጮሃለሁ። ቤት ስገባ ድምፄ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ… ትናንት ዳቦ ቆርጬ፣ የሁለት ሰው አቅርቤ ቁጭ።»

ደወል ተደወለ። ተነሥተው ወጡ። ወዲያው ከሜዳው፦ «አንተ! ሸሚዝህን አስገባ!»

የልምምድ ቅጹ ላይ የሚመዘገበው የመከርኩት ተማሪ ብቻ ነው። እሳቸው አይቆጠሩልኝም። ቢሆንም ቀኑ ቀለል አለኝ።

ኅዳር 2

እሁድ። ልብሴን አጥቤ ጨረስኩ፤ ገና ረፋድ ነው። የአከራዬ ልጆችና የልጅ ልጆች መጥተዋል። ሳቃቸው በግድግዳው ያልፋል።

«ልጄ፣ ብቅ በይ እንጂ! ምን ክፍልሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ?» አሉኝ በበሩ።

«የማነበው አለኝ እማማ።»

የማነበው ምን ነበር? ሰው ያለ ሰው ስለሚደርስበት ጉዳት የተጻፈ ምዕራፍ። አስምሬበታለሁ እንኳ። ለምን አልወጣሁም? ምግብ አቅርበው፣ ባልሽስ፣ ልጅሽስ ሲሉኝ እንዳላለቅስ ፈርቼ ይሆን… እንጃ።

ኅዳር 7

ነጎድጓድ አሁን ዕረፍት ሰዓታቸውን እኔ ጋ ነው የሚያሳልፉት። መስኮቱን ማየት ትተዋል። ዛሬ እንዲህ አሉኝ፦ «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሁልጊዜ ብቻዋን የምትቆም ልጅ አለች። ልቆጣት ሄጄ አፌ እምቢ አለኝ። ላምጣልሽ?»

«አያምጧት። በሩ ክፍት ነው ብቻ ይበሏት።»

ኅዳር 10

መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ። ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ዝም። እኔም ዝም። እጄ ወረቀት ማስተካከል አማረው፤ ከለከልኩት። ደወል ሊደወል ሲል፣

«ነ-ነገም ይቻላል?» አለች።

ይቻላል አልኳት። ይሄ ብቻ። ግን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ አጠረብኝ።

ኅዳር 21

ትመጣለች። ስትናገር ቃል ይይዛታል። «እዚህ ጋ ይ-ይቀመጣል» አለች ጉሮሮዋን ነክታ። ቤት ብዙም አይታወቅብኝም አለች፤ ክፍል ውስጥ ነው የሚብሰው።

ዛሬ ሌላውን ነገረችኝ። የፊዚክስ መምህሩ ሆን ብሎ አስነሥቶ ያስነብባታል። ሲይዛት አፉን እንደሷ አድርጎ ይደግመዋል። ክፍሉ ይስቃል።

«እነሱ ሲ-ሲስቁ አይደለም የሚያመኝ… ቲቸር… እሱ ሲስቅ ነው።»

ለአስተዳደሩ ልናገርልሽ? አልኳት። ደነገጠች። «እዚህ የምለው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም። በሕይወትሽ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የሚመጣ ነገር ካልሆነ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ ከዚህ በር አይወጣም።»

አየችኝ። ይህቺ ሴት ትታመናለች አትታመንም እያለች ነው፣ ገባኝ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ታኅሣሥ 4

ትምህርት ቤቱ ታመሰ። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች አንድም ሳይቀሩ አንገባም አሉ። ሜዳው ላይ በጸጥታ ተቀመጡ። ነጎድጓድ ወጥተው ጮሁባቸው። ማንም ንቅንቅ አላለም።

በኋላ ነጎድጓድ እኔ ጋ መጥተው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ከልቤ እንዳልጮህኩ ገብቷቸዋል» አሉ።

ታኅሣሥ 5

ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ተናገረችው። «እኔ ነኝ።» ምንም ሳይይዛት!

አንድ በአንድ እየሄደች ነው የለመነቻቸው። አትግቡ ብላ፣ እባካችሁ ብላ። አንዳንዱ ጋ ቃሉ እስኪወጣ ብዙ ቆማለች፤ ቆመው ጠበቋት። ያን ሁሉ ሰው! ያቺ ከቤተ መጻሕፍት ጀርባ የምትደበቀው ልጅ!

ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ታገልኩ። ፈራሁም። «ቢያውቁ ያ-ያባርሩኛል አይደል?» ስትለኝ፣ አይ አላልኳትም። አላውቅማ።

ታኅሣሥ 8

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩ ሲመጣ ነገሩ እንዳላማረ ገባኝ።

«ልጆቹ አንቺ ጋ ይመጣሉ አሉ። ጥሩ። የዚህ ነገር ጠንሳሽ ማን ነው? አንድ ስም ብቻ።»

«ልነግርዎት አልችልም።»

«አላውቅም ነው ወይስ አልናገርም?»

አላውቅም ማለት ምን ያህል ይቀል ነበር! ግን አልወጣልኝም። «አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም። ለምን እንዳልገቡ ክፍሉን በሙሉ ቢጠይቋቸው…»

«እኔ የምጠይቀው አንቺን ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አመራርም ትማሪያለሽ አይደል? አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ይገባሻል። ወላጅ ይደውላል፣ ከበላይ ይደውላሉ፣ መምህሩ እለቃለሁ ይላል… እኔ ምን ልበላቸው?»

ያሳዝናሉ እኮ። ክፉ ሰው አይደሉም። ስወጣ ግን፣ «ቅጽሽ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አስቢበት» አሉ።

ሻዩን አልጠጣሁትም።

ታኅሣሥ 9

ለባሌ ነገርኩት። ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ቅጹ። ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

«ስም አይደል የጠየቁሽ? ንገሪያቸውና ነይ እንጂ! ለሰው ልጅ ብለሽ የራስሽን ልጅ…»

አልጨረሰውም። ብቻውን ምግብ እየሠራ፣ ፀጉር እየሠራ፣ እሷን ትምህርት ቤት እያደረሰ ሥራ የሚሮጥ ሰው ነው። ልቆጣው አልቻልኩም። እውነቱን ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 11

ስሟን ብናገር ማንም አያውቅብኝም። እሷ ግን ታውቃለች። ያን ጉሮሮዋን ይዛ… ከዚያ በኋላ ለማን ትናገራለች?

 

ታኅሣሥ 12

«አልናገርም» አልኳቸው ለርዕሰ መምህሩ።

«እንግዲያው ደህና» አሉ። ቅጹ ላይ «ከአስተዳደሩ ጋር ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም» ብለው ጻፉ። አልፈረሙም። የክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ።

ነጎድጓድ በሩ ጋ ጠበቁኝ። ወረቀቱን ራሳቸው ልጠው፣ አጣጥፈው ሰጡኝ።

«እኔንም ጠይቀውኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን አሉ?»

«ጆሮዬ አይሰማም አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ የኖረ ሰው ምን ጆሮ ይኖረዋል?»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እንዲህም ይሆናል ለካ።

ታኅሣሥ 17

ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ልምምዳችንን የሚከታተሉት ዶክተር ሁሉንም በጸጥታ አዳመጡኝ። «ልክ አድርገሻል» አሉ። ትንፋሼ መለስ አለ። ከዚያ ቀጠሉ… «ግን ያለ ፊርማ ልምምዱ አይያዝልሽም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ትምህርት ቤት እንመድብሻለን። እንደ አዲስ።»

ልክ አድርገሻል፤ እንደ አዲስ ጀምሪ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ።

ታኅሣሥ 18

ለባሌ ነገርኩት።

«እስከ ሰኔ?»

«እስከ ሰኔ።»

«ለልጃችን አንቺው ንገሪያት። እኔ አልችልም።» ዘጋው።

ታኅሣሥ 24

መደወል ፈራሁ። በየቀኑ ስልኩን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ዳቦ ቤት ብቻ ነው። «ትኩስ ነው?» «ትኩስ ነው።» ይሄው ነው የቀኑ ወሬ።

ጥር 3

ነጎድጓድ ደወሉ። በስልክም ይጮሃሉ።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ራሷ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። እኔ ነኝ አለች። የፊዚክስ መምህሩ የሚያደርገውንም ተናገረች። «አጠገቧ ቆምኩ። ቃሉ ሲይዛት ርዕሰ መምህሩ ሊጨርሱላት ሲሞክሩ፣ ይጠብቋት አልኳቸው። ጠበቁ።» ከትምህርት ለጥቂት ቀን ታግዳለች። መምህሩ ከነሱ ክፍል ተነሥቷል።

«የአንቺንም ቅጽ ጠይቄያቸው ነበር…»

«ምን አሉ?»

«እምቢ።»

ይሁን። ለልጅቷ ደስ አለኝ። ለራሴ ደግሞ ከፋኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ ሌላውን አላስነሣውም።

አከራዬ በሩን ሲያንኳኩ ፊቴን ታጠብኩና ወጣሁ። ባልሽስ አሉኝ፣ ልጅሽስ አሉኝ። አለቀስኩ። ሳህን ሰጡኝ።

ጥር 18

ቅዳሜ ከሰዓት። ደወልኩ። ባሌ አነሣው፤ ድምፁ ደክሟል እንጂ አልተቆጣም። «መጣች» አለ።

ነገርኳት። ጥር ላይ አልመጣም፣ ክረምት ሲገባ ነው አልኳት። አላባበልኩም። ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ሹራብ አልጠየቅሁም። ዝም አለች። እኔም ዝም። መናገር እንዴት አማረኝ! የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ ቶሎ ያልፋል… ሁሉንም ዋጥኩት። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ተናድጃለሁ።»

«እሺ።»

«በጣም ነው የተናደድኩት።»

«ይገባሻል።»

እንደገና ዝም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ በር ሲዘጋም ሰማሁ። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ለአባዬ እንዳትነግሪ።»

«አልነግርም።»

አወራች። አወራች። «ከዚያስ?» ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ስንዘጋ ክፍሉ ጨልሞ ነበር፤ መብራት ማብራቱንም ረስቼዋለሁ። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፣ አልጋውም የአንድ ሰው። ሰኔ ሩቅ ነው። ሰኞ አዲሱ ትምህርት ቤት እጀምራለሁ።

ምን እንዳለችኝ እዚህም አልጽፈውም።