ሳላየው የጻፍኩት እግር

ውድ ሲስተር፣

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ሦስቱን ቀን «እንደምን ከርመዋል» ከሚለው አላለፍኩም። ዛሬ ሰላምታውን ትቼዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሰላምታው ላይ ከቆየሁ ወሬ እያሳመርኩ ዋናውን ነገር ሳልነግርዎት እጨርሳለሁ።

ዋናው ነገር ይኸው፦ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የነበረውን የሾፌሩን እግር አላየሁትም። ካርዱ ላይ «እግር፦ እብጠት የለም» ብዬ የጻፍኩት ሳላየው ነው። እርስዎ ይህን ያኔም ያውቁ ነበር። እኔ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ራጁ ላይ ትንሽ ጥላ ታየችና ተረኛው ሐኪም «የሳንባ ምች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እሱን ተከትለን ነጎድን። ሦስት ቀን መድኃኒት ወስዶ ትንፋሹ አልተመለሰም፤ ትኩሳት የለውም፤ ልቡ ግን ተኝቶም እንደሚሮጥ ሰው ይመታል። ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ በቂ ነበር። እኔ ያን ጠዋት ሃያ ሁለት በሽተኛ ነበረብኝ፤ አለቃችን ለጉብኝት ሳይደርሱ ካርዱ ሁሉ መሞላት አለበት። የትናንቱን ገጽ ወደ ዛሬው ገለበጥኩት። እንዴት እንደሚደረግ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጭንቅላት ደህና፣ ሆድ ደህና፣ እግር ደህና። እጃችን ለምዶታል፤ ዓይናችን ሌላ ቦታ ሆኖም ይጽፋል።

እርስዎ ግን ገላውን ሲያጥቡት አይተው መጡ።

«ዶክተር፣ የሾፌሩ ግራ እግር አብጧል። ባቱን ስነካው ጮኸ።»

«እሺ ሲስተር፣ አየዋለሁ።»

«አሁን ብታየው ይሻላል። ግለጠውና እየው።»

«አየዋለሁ አልኩ እኮ!»

እኛ ተማሪ ሐኪሞች ከኋላዎ «እትዬ ግለጡት» እንልዎት ነበር። ጉንፋን ይዞት የመጣውን እንኳ ብርድ ልብሱን ገልጠው ከጥፍሩ እስከ ፀጉሩ ካላዩ አያርፉም ነበራ! ያን ጠዋትም ፊትዎን ሲያዞሩ ጓደኛዬን ጠቀስኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

እኩለ ቀን ላይ ሾፌሩ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ከአልጋው ወረደ። ሦስተኛውን እርምጃ አልሄደም። እግሩ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባውን ዘጋው። አርባ ደቂቃ ያህል እየተፈራረቅን ደረቱን ተጫንን። በመጨረሻ እጄን ይዘው «በቃ ልጄ፣ በቃ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እግሩን ያየሁት ያኔ ነው። ከቀኙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያንን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሚስቱ የታጠበ ሹራብ ይዛለት እየመጣች ኮሪደር ላይ ነው ያገኘችኝ። ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ «ዶክተር፣ ቀድሞ ቢታወቅ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

«ሊታወቅ የሚችል ነገር አልነበረም» አልኳት።

አመሰገነችኝ፣ ሲስተር። ስለ ልፋታችን አመሰገነችኝ።

ከዚያ ስለ ሾፌሩ ሞት የተጠራው ያ ስብሰባ መጣ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ካርዱን አነበቡና ወደ እርስዎ ዞሩ፤ «ሐኪሙ እብጠት የለም ብሎ ጽፏል። እርስዎ አይቻለሁ ካሉ የጻፉት የታል?»

«በቃሌ ለዶክተር ነግሬዋለሁ» አሉ።

«ነግረውሃል?» አሉኝ።

የስፔሻሊስትነት ትምህርቴ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ እያየሁ «አላስታውስም» አልኩ። ቀና ስል እያዩኝ ነበር። የጠበቅኩት ቁጣ ፊትዎ ላይ አልነበረም፤ ያዘኑልኝ ይመስሉ ነበር። አልተከራከሩኝም። ስንወጣ በር ላይ ጠብቀው «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉበት ክፍል አንስተው መሣሪያ ማጠቢያ ወረወሩዎት። በሁለተኛው ወር መልቀቂያ አስገቡ። በሽኝትዎ ዕለት ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብዬ ጭብጨባውን እሰማ ነበር።

አሁን እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሐኪም፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ ሰው ካርድ ላይ «ሁለቱም እግሮች ደህና» ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሽተኛው ራሱ «የጠፋውን አግኝታው ከሆነ ትመልስልኝ» አለ። እኔ ግን ጮኽኩባት፤ ሰው ፊት አዋረድኳት። በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ቢሮዬ መጣች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን እርስዎ ሳያዩ ጽፈው አያውቁም?»

«በፍጹም» ልላት ነበር፤ ተውኩት። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ሲስተር ያሉበትን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይህን ለእኔ መንገርዎ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል?»

ያን ዕለት ወረቀት ገዛሁ።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አልጠይቅዎትም። ቸር ሰው ስለሆኑ ቶሎ ይሉኛል፤ እኔም ቶሎ ይቀለኛል። እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም።

ይህ ደብዳቤ ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ በእጅዎ ያለው ነው። ሁለተኛውን ዛሬውኑ ለዳይሬክተሩ ጸሐፊ አስፈርሜ እሰጣለሁ። የሥራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ የእርስዎ ስም ግን ጥፋተኛ ተብሎ ከሰፈረበት ፋይል መውጣት አለበት። ሦስተኛው ለሾፌሩ ሚስት ነው። እሱን በፖስታ መላክ ነውር መሰለኝ። ቤቷን አጠያይቄ አግኝቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ራሴ እወስድላታለሁ። ግቡ ብትለኝም አልገባም። ቆሜ እነግራታለሁ፦ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ አንዲት ሴት አውቃው ነበር።

አክባሪዎ፣
የውስጥ ደዌ ክፍሉ ሐኪም