ከአማቴ ጋር ጫካ ውስጥ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ልጄ ካልሲዋ ጠፍቶባት ቤቱን አተራመሰችው... የት እንዳለ እያወቅኩ መናገር አልቻልኩም። በጣቴ አልጋው ሥር አሳየኋት።

ጉሮሮዬ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሦስተኛ ቀኑ። ሐኪሙ ከድምፅ አውታሬ ላይ ሁለት ትንንሽ እባጮች አውጥቷል። "እስከ ጥቅምት 24 አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ማንሾካሾክም አይቻልም፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል" አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ አውቶቡስ ስጠራ የኖርኩ ሰው! ሾፌሮቹ "ጥሩንባ" ነው የሚሉኝ። ጥሩንባ ዝም በይ ስትባል...

እዚህ ቤት ዝም ማለት የማይሆን ነገር ነው። ስልኩ፣ በሩ፣ ጎረቤቱ። ባለቤቴ መላ አመጣ፤ የአጎቱ ጎጆ። አጎቱ አናጺ ናቸው፤ ጫካ ውስጥ በገዛ እጃቸው የሠሩት የእንጨት ቤት አላቸው። መብራት የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ውሃው ከወንዝ ነው። ደስ አለኝ። ብቻዬን፣ ጸጥ ብዬ...

"ብቻሽንማ አትሄጂም። እማ አብራሽ ትሄዳለች" አለ።

አማቴ! አፋቸው እንደ ወፍጮ የማያርፈው አማቴ። እምቢ እንዳልል፣ በምን አፌ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ደረስን። መኪናው መንገዱ ያለቀበት ቆመ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር። ባለቤቴ ዕቃውን በሁለት ዙር አመላለሰ። ሲሄድ ግንባሬን ሳመኝና በጆሮዬ "ቻያት" አለኝ።

ጎጆዋ አንድ ክፍል ናት። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ የብረት ምድጃ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ግድግዳው ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ፋኖስ፣ ጀሪካን፣ መጥረቢያ አለ። ወንዙ ቁልቁል መቶ ርምጃ ነው፤ ቆጠርኩት። ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጡት ግን ሦስት መቶ ይሆናል።

አማቴ ከገቡ ጀምሮ አላቋረጡም። "ወንድሜ ይቺን በር ሲሠራት ምን ነክቶት ነበር? በማን ቁመት ለክቶ ነው?... ይሄ ምድጃ ጭሱን ወደ ሰው ነው የሚተፋው... አይዞሽ ልጄ። አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ።"

ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ወፎች። አማቴ። ወፎች። አማቴ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የደን ጠባቂው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆቡን የማያወልቅ ሰው። በየሐሙሱ ዳቦና እንቁላል ያመጣል። ጫካ ውስጥ የሚያድረውን ሰው ሁሉ እሳት በጥንቃቄ ለመያዙ መዝገብ ላይ ያስፈርማል። ፈረምኩ። አማቴ "እጄ አመድ ነው፣ የኔንም እሷው ትፈርምልኝ" አሉ። ፈረምኩላቸው።

የምፈልገውን ደብተር ላይ እየጻፍኩ አሳያቸዋለሁ። ዓይኔ ደክሟል እያሉ መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "እሺ ልጄ" ይላሉ። ከዚያ የፈለጉትን ያደርጋሉ። ዛሬ "ሻይ በቃኝ" ብዬ ጻፍኩ። "እሺ ልጄ" ብለው አንድ ኩባያ ሙሉ ቀዱልኝ።

ቤትም እንዲሁ ናቸው። የምጽፍላቸውን ከቁብ አይቆጥሩትም። ያቺ ቀን ትዝ አለችኝ... ሁለት ዓመት ሆናት። በጠዋት ሥራ ስሄድ እሳቸው ተኝተው ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ "ዛሬ ትምህርት ቤት በስድስት ሰዓት ይለቀቃል፣ ልጅቷን ያምጡልኝ።" አላመጧትም። ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ቆማ ዝናብ ወረደባት። ሳምባዋን ታመመች፤ ስድስት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። "ረሳሁት" አሉ። ሌላ ምንም። እኔም በዚያ በመናኸሪያ ድምፄ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ "ከእንግዲህ ልጄን ለእርስዎ አላምንም!" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ጎረቤታችን ናት የምታመጣት።

ይሄን ለምን አነሳሁት? ሰላም ፍለጋ አይደል የመጣሁት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

 

ጠዋት ትልቁን ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩት። ከጣድኩ በኋላ ነው እጀታው መላላቱን ያየሁት። አማቴ ጭራሮ ሊለቅሙ ወጥተው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩ፤ "ድስቱን እንዳያነሱት፣ እጀታው ሊወልቅ ነው።" ኩባያ ጫንኩበትና ጀሪካኔን ይዤ ወንዝ ወረድኩ።

ስመለስ ወለሉ ውሃ በውሃ። አማቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቀኝ እጃቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረዋል። ከጣታቸው እስከ አንጓቸው ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለዋል።

ጩኸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ከወንዝ ያመጣሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አፈሰስኩበት፣ ቅባት ቀባሁት፣ በፋሻ ጠቀለልኩት። ቆዳው አልተላጠም፤ ይድናል። ሥራዬን ስጨርስ ግን ንዴቴ መጣ። ወረቀቱን አንስቼ በጣቴ መታሁት። ይኸው! ይኸው! ይኸው!

"አይቼዋለሁ ልጄ" አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። "ችላ ብዬ ነው።"

ችላ ብለው! ምን ይባላል እንግዲህ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሹራባቸው ቁልፍ ወልቆበት ነበር። "በአንድ እጄ እሞክረዋለሁ፣ አንቺ መርፌውን ያዥልኝ" አሉ። መስኮቱ ጋ ያዝኩላቸው። ደመናማ ቀን ነው። በግራ እጃቸው ክሩን አሹለው በአንድ ሙከራ አስገቡት። መነጽራቸው አልጋው ላይ ነው...

የመርፌ ቀዳዳ ያየ ዓይን የኔን ድብልብል ጽሑፍ እንዴት አያይም?

ደብተሬን አነሳሁ። ባላደርገው ይሻል ነበር። "ቤቱ እየተቃጠለ ነው" ብዬ ጻፍኩና አሳየኋቸው።

አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ" አሉ።

አልሳቅሁም። እሳቸውም ፊቴን አዩ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምን ይላል?"



ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "አልችልም" አሉ። "አንዲትም ፊደል። መነጽሩ ባዶ መስታወት ነው፣ መንገድ ላይ ነው የገዛሁት። ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ ዓይኔ ደክሟል ለማለት ይመቸኛል።"

የሚያውቁት ሟቹ ባላቸው ብቻ ነበሩ። "እሱ እያለ ሁሉን ያነብልኝ ነበር። ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ደብተሩን ሲያሳየኝ ጎበዝ እለዋለሁ። አንድ ቀን፣ እማ ገልብጠሽ ነው እኮ የያዝሽው አለኝ። ልፈትንህ ብዬ ነው አልኩት።" ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ።

"ያቺ ቁም ሳጥኑ ላይ የለጠፍሻት... የገበያ ነገር መስላኝ ነበር። ጎረቤት ሄጄ እንዳላስነብባት አፈርኩ። ልጅቷ ስትታመም፣ ረሳሁት አልኩሽ። መሃይም ከምትይኝ ዝንጉ ብትይኝ ይሻላል ብዬ።"

ይቅርታ ልላቸው ፈለግሁ። በምን? አፌ ተዘግቷል። ብጽፈው አያነቡትም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ ጣልኩት። በደህና እጃቸው ፀጉሬን ዳበሱኝ። 

"ለልጄ እንዳትነግሪው" አሉኝ በመጨረሻ። "ለሰው ሁሉ፣ እናቴ ናት ያስጠናችኝ እያለ ነው የሚያወራው።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ስንት ወረቀት ነው የጻፍኩላቸው በአሥራ አንድ ዓመት? ጨው አልቋል... ቧንቧ ሠሪው ይመጣል... መድኃኒቷን በስምንት ሰዓት ይስጧት። ያቺ የልደታቸው ካርድስ? ሙሉ ገጽ ሞልቼ ስለ ደግነታቸው ጽፌ፣ ገና ዐይተው ሳይጨርሱ መሳቢያ ውስጥ ከተቷት። ናቁኝ ብዬ አንድ ሳምንት አኮረፍኩ።

ድምፅ የነበረኝ ሰው ነኝ። አንድ ቀን በአፌ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከምድጃው ከሰል አወጣሁ። ከእንጨት ክምሩ ለስላሳ ጣውላ መረጥኩ። አማቴ ገባቸው።

"በስተርጅና? ሰው ይሳቅብኝ?"

በሩን ከፍቼ ጫካውን አሳየኋቸው። ማን አለና ነው የሚስቀው?

ችግሩ፣ አስተማሪዋ ድምፅ የላትም። እንዴት ይሆናል? በሩን በጣቴ አሳየኋቸው። "በር" አሉ። ጣውላው ላይ ጻፍኩት፤ በ፣ ር። አዩት። በጣታቸው ነኩት። "በ... ር። ሁለት ብቻ ናት? ለዚህች ነው ዕድሜ ልኬን ስሸሻት የኖርኩት?"

በ፣ ቡ፣ ቢ ላይ ስንደርስ ከንፈሬን ያለ ድምፅ አሳያቸው ጀመር። ለቡ ሳሞጠሙጥ አዩኝና በሳቅ ወደቁ። "ልጄ፣ ዓሣ ሆንሽ እኮ!" እኔም ሳቅ ይዞኝ፣ እንዳልስቅ ወጥቼ ሮጥኩ። ዛፍ አቅፌ ቆምኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጉም። ከመስኮቱ ማዶ ምንም አይታይም። አርባ ሁለት ፊደል ያውቃሉ። ስለሚያጠኑ ወሬያቸው ቀንሷል... ናፈቀኝ መሰለኝ። እኔ ነኝ ይሄን የምለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተጣላን። ሦስቱን ሃ ጻፍኩላቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሦስቱንም በአንድ የአፍ ቅርጽ አሳየኋቸው።

"ሦስቱም ሃ ከሆኑ ሁለቱ ምን ይሠራሉ? ቁጭ ብለው ይቀለባሉ?"

ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እኔስ ምን አውቄ!

"ተይው! ለመሞት ፊደል አያስፈልግም" ብለው ከሰሉን ወረወሩት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ማባበያ ቃል የለኝም። እንጨት ፈለጥኩ። ውሃ ቀዳሁ። ሾርባ ሠርቼ አልጋቸው ድረስ ወሰድኩላቸው፤ ጠጡ፣ አላዩኝም።

ወደ ማታ ላይ ከሰሉን ራሳቸው ፈልገው አነሱት። "ሁለቱን ለጊዜው እንተዋቸው" አሉ። "ስንፈልጋቸው እንጠራቸዋለን።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የደን ጠባቂው መዝገቡን ዘረጋ። እንደ ልማዴ ለሁለታችንም ልፈርም ስል አማቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱት። ፋሻው ትናንት ተፈትቷል፤ እጃቸው ሮዝ ሆኖ ያበራል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጻፉ። አንዲቱን ፊደል ጨርሰው ወደ ሌላዋ እስኪሄዱ ሰውየው እግሩን እየቀያየረ ይጠብቃል።

"እማማ፣ ልጨርስልዎት?"

"አርፈህ ቁም! አውቶቡስ አምልጦሃል?"

ስማቸውን ጨረሱ። ሦስተኛዋ ፊደል ተሳስታለች፤ እግሯ በሌላ በኩል ነው። አየሁት። አላረምኩም። ሰውየው መዝገቡን አጠፈና "መልካም" ብሎ ሄደ። ለእሱ ተራ ነገር ነው። አማቴ ደጅ ወጥተው በአንድ እግር ዞር ዞር አሉ... ዘለሉ ማለት ይቻላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ነገ እንመለሳለን። ዕቃ ሰበሰብን፣ ምድጃውን ጠረግን፣ ለሚቀጥለው ሰው እንጨት ደረደርን።

ፈራሁ። ነገ አፌን ስከፍት ምንም ባይወጣስ? ወንዙ ዳር ተቀምጬ ሳስብ አማቴ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።  ውሃውን አብረን አየነው።

ሲነሱ ብቻ፣ "ባይመለስም ልጄ፣ እኔና አንቺ መግባቢያ አናጣም" አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ባለቤቴ በጠዋት መጣ። ከጫካ በቀጥታ ሐኪሙ ጋ።

"ከአንድ እስከ አምስት ቁጠሪ" አለኝ። ቆጠርኩ። ወፍራም፣ ሸካራ፣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ሦስት ላይ ተሰበረ። ሐኪሙ ግን ደስ ብሎታል። "ድኗል። ጩኸት ግን አብቅቷል። ድምፅ ማጉያውን ለሌላ ሰው ስጪ።" ኮሪደሩ ላይ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀስኩም። የመናኸሪያው መረጃ መስኮት ላይ ያስቀምጡኛል መሰለኝ። ፊቴ ለቆመ አንድ ሰው የሚበቃ ድምፅ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የልጄ ትምህርት ቤት ያለበት መንገድ ላይ ስንገባ አማቴ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ቀ... ስ" አሉ። "ቀስ... ብ... ለህ... ንዳ።"

"ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳው እማ!" አለ ባለቤቴ።

"ንዳ" አሉ ደግመው፣ ደስ ብሏቸው።

"እየነዳሁ ነው! ምን ላድርግ?"

"ላንተ ማን ተናገረ? ታፔላው ነው የሚለው።"

መኪናውን ዳር አስያዘ። ታፔላውን አየ፣ እናቱን አየ፣ በመስታወቱ እኔን አየኝ። "ምንድን ነው ነገሩ?"

አማቴ ዞረው አዩኝ። መናገር ይፈቀድልኛል አሁን። ዝም አልኩ።

"ሞተሩን አጥፋው ልጄ" አሉት።

ነገሩት። ሁሉንም፣ ያቺን የዝናብ ቀን ጭምር። አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ እጃቸውን ስቦ ሳመው፤ የተቃጠለውን። "እኔን ሳታስጠኚ አስጠናሽኝ ማለት ነው?" አለ። "ዱላ ይዤ አጠገብህ ቁጭ አልል ነበር?" አሉት።

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ።

"እማማ" አልኩ በአዲሱ ድምፄ። ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። "ልጅቷ ልትወጣ ነው። እርስዎ ያምጧት።"

 አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወረዱ፣ ግራ ቀኝ አይተው መንገዱን ተሻገሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከላይ የተጻፈ ነገር አለ። ጣታቸውን አንስተው ማንበብ ጀመሩ። ልጆቹ በግራ በቀኝ እየተጋፉ ያልፏቸዋል። አልቸኮሉም።